ከላንድሮቨሯ ኮፈን ሥር

ሶሬቲ ጉዲሳ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከመገናኛ የኮተቤ ታክሲ ስትሳፈር ልቧ ቀድሟት ደርሶ ነበር። የመፍቻ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ከቦርሳው በላይ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ ይዛለች። መፍቻው ለመኪና፣ ቀሚሱ ለምሳ ነው። ረዳቱ ቦርሳውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ፣ “እህት፣ ድልድይ ልትሠሪ ነው እንዴ?” ቢላት እንደ ሌላው ቀን መልስ አልሰጠችውም። ፈገግ ብላ ሂሳቧን ከፈለች። ፍቅር የያዘው ሰው ከታክሲ ረዳት ጋር አይጣላም።

ሶሬቲን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ኮተቤ አካባቢ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና ታስተምራለች። ያደገችው ሸኖ፣ አባቷ አቶ ጉዲሳ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላው ልጅ በእሹሩሩ ሲተኛ እሷ በወፍጮ ሞተር ድምፅ ነው የተኛችው። አሁን ሲግናል አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሰርፀ አካሉ ደግሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። የማሠልጠኛውን መኪኖች ሊመዘግብ የመጣ ዕለት የሞተር ቁጥር ፍለጋ ባትሪው ላይ አፍጥጦ አገኘችውና ከልቧ ሳቀችበት። እሷ ስቃ ወጣላት፤ እሱ ግን እዚያው ቀልጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አብረው አሳልፈዋል። ሶሬቲ እስከዛሬ የእናቱን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የነሰርፀ ቤት እንጦጦ ሥር፣ ከኮተቤ ወደ ባሕር ዛፉ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከድሮ ጀምሮ የቆመ ቤት ነው። እዚያ ቤት ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት ስሟ ይገባል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች ተጠይቆ፣ ተጣርቶ፣ እነማን ሠርግ ላይ አብረው እንደበሉ ሁሉ ተነስቶ ያልቃል። የሰርፀ እናት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ታላላቆቹን ሁሉ የዳሩት እንደዚህ ነው። ሌላም ወግ አለ። ከዚያ ግቢ ሽማግሌ ለልጅ ጥየቃ የሚወጣው በሟቹ በአቶ አካሉ ላንድሮቨር ብቻ ነው። እናትና አባት የተሞሸሩባት መኪና ስለሆነች ገዷ ይፈለጋል።

አቶ አካሉ ከሞቱ ወዲህ ግን ላንድሮቨሯ ከቆርቆሮ ዳሷ ወጥታ አታውቅም። ሊብሬዋም የት እንደገባ አልተገኘም። ምትክ ለማውጣት የተሠራችበትን ዓመት፣ የሻንሲዋንና የሞተሯን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ዝገትና ቅባት ውጧቸዋል። ሰርፀ ይህን ችግር ሲያሰላስል ቆይቶ አንድ ዘዴ መጣለት።

“አንቺ መጥተሽ መኪናዋን ታያለሽ፤ እኔ በዚያው ለእማዬ እነግራታለሁ” አላት በስልክ። “አባትሽ ጋ ሽማግሌ የሚሄድባትን መኪና አንቺው ራስሽ ስታስነሺያት አስቢው!”

“በእርግጥ ትነግራቸዋለህ?”

“እማዬ ትሙት፣ እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ!”

ሶሬቲ ያን ሌሊት ቀሚሱን ሁለቴ ተኩሳለች።

ሰርፀ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ መኪና ሊፈታ ሳይሆን ሚዜ ሊሆን የተዘጋጀ ይመስላል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱንም ሳቅ አፈናቸው። ገና ሰላም ሳትለው ከኋላው እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ። ሰርፀ እናቱን አየ፤ ሶሬቲን አየ።

“እማዬ… የመኪናዋን ነገር የሚያዩልን ባለሙያ መጥተዋል።”

መጥተዋል! ትናንት ማታ “የኔ ማር፣ ደህና እደሪ” ያላት ሰው ዛሬ በእናቱ ፊት አንቱ አላት። ሶሬቲ ፌስታሏን ቀስ አድርጋ ወደ ጀርባዋ አዞረች። ሰርፀ ዓይኗን ሊያገኝ ፈለገ፤ እሷ ግን ዓይኗን ለማንም አልሰጠችም።

“እንደምን አደርሽ ልጄ፤ ግቢ” አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። ከጫማዋ እስከ ቱታዋ፣ ከቱታዋ እስከ ግንባሯ በዝግታ አይዋት። “ዘንድሮ ሴት መካኒክም አየሁ። እሰይ።”

“እንደምን አደሩ እማማ” አለች ሶሬቲ ጎንበስ ብላ። የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። ባለሙያ ካሏት ባለሙያ ልትሆንላቸው ወሰነች።

ላንድሮቨሯ አረንጓዴ ናት፤ አቧራ ቢጠግባትም ኩራቷ አልወረደም። ኮፈኗ ላይ ግራጫ ድመት ተኝቶባታል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ወንበር አስወጥተው ዳሱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሥራውን ሊቆጣጠሩ ይሁን ሠራተኛዋን ሊያዩ አልታወቀም።

“በስልሳ አንድ ነው የተጋባነው” ብለው ጀመሩ ማንም ሳይጠይቃቸው። “አካሉ የካርታ ሥራ ቢሮ ነበር። ላንድሮቨሯን ፈረንጆች ጥቂት ነድተው ሲሄዱ ገዛት። እኔ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ታዲያ ለሠርጋችን ብሎ በገዛ እጁ፣ በብሩሽ ቀባት። ቀለም ቀቢ አይደለ! ሱሪው ላይ፣ ጎማው ላይ፣ ሞተሩ ላይ ሳይቀር አንጠባጠበው። የሠርጋችን ዕለት ወንድሞቼ ኮፈኑን ከፍተው ‘ቀለሙን ለሞተሩም አጠጣኸው?’ እያሉ ተንከተከቱበት።”

ሶሬቲ መፍቻዋን ይዛ ቆማ ትሰማለች። ተቀይማ እንኳ ሳቋ አልታዘዝ አላት።

“ሙሽራ አይነዳም ቢሉት መሪዬን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ነዳ። ከእንጦጦ ማርያም ስንወርድ እኔ ከጎኑ ነኝ። ያን ጊዜ ሙሽራ አትናገርም፤ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ያ የፍጥነት መርፌ ሽቅብ ሲወጣ አየሁና ‘ቀስ በል!’ ብዬ ጮህኩበት። ለባሌ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ሳቀና ቀስ አለ።”

“ታዲያ አረንጓዴ የሆነችው መቼ ነው?” አለች ሶሬቲ።

“በኋላ አስቀባት” አሉ እናትየው፤ ፊታቸውም እንደ መስኮት ዝግት አለ። “በይ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

ሶሬቲ ሥራዋን ጀመረች። ሰርፀ ያን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መፍቻ ያቀብላል፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ስትለው አሥራ አራት ይሰጣታል፤ እጃቸው ሲነካካ እሷ ቶሎ ትስባለች። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ግን አንድ ነገር እየከነከናት ነበር። የመኪናዋ ሁለት የፊት መብራቶች ዳርና ዳር፣ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ናቸው። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ስታይ ቆጣሪዎቹ ከመሪው ኋላ ተደርድረዋል። በስልሳ አንድ ሠርግ ላይ የተነዳ ላንድሮቨር መብራቶቹ መሃል አፍንጫው ላይ፣ ቆጣሪዎቹም መሃል ዳሽቦርዱ ላይ መሆን ነበረባቸው። ለተማሪዎቿ ሥዕል እያሳየች ስንት ጊዜ አስተምራዋለች። ምናልባት ተቀይሮ ይሆናል ብላ ራሷን አባበለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ዝገቱን በልመና ማስለቀቅ ሆነ። በቀኝ በኩል የፊቱ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ብረት በናፍጣ አራሰች፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተገች፤ ወረቀት አስደግፋ እርሳስ አሸችበት። የሻንሲው ቁጥር አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ስልኳን አውጥታ ከምታውቀው ሠንጠረዥ ጋር አስተያየችው። ደግማ አየችው። ይህ ዓይነት ላንድሮቨር ከስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት በፊት ከፋብሪካ አልወጣም።

ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሴት በኮፈኑ ሥር አሾልካ አየቻቸው። ድመቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሻሹታል። የሠርጋቸው ቀን የሠርጋቸው መኪና ገና አልተወለደችም ነበር።

“ምን ሆንሽ?” አለ ሰርፀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ሶሬ፣ በናትሽ ስልሳ በያት።”

“ምን?”

“ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ የፈለግሽውን። እማዬ ከአባዬ የቀራት ይህቺ መኪና ብቻ ናት። የኖረችበትን ታሪክ ዛሬ አፍርሰሽባት ነገ ሽማግሌ ላኪልኝ ልላት ነው? አይሆንም እኮ! ለቢሮው ትክክለኛውን እንጽፋለን፤ ለእሷ ግን…”

“ለእሷ ግን ባለሙያዋ ትዋሻቸው። ነው አይደል?”

“እንደሱ አላልኩም።”

“ሰርፀ፣ የእናትህን ታሪክ ላፈርስ አልመጣሁም። ልወዳቸው ነበር የመጣሁት። ቀሚስ ይዤ!” ብሩሹን አስቀመጠች። “ዛሬ ዋሽቻቸው ነገ በምን ዓይኔ እማዬ እላቸዋለሁ? ለነገሩ ምን አገባኝ። ‘መጥተዋል’ አልከኝ እኮ። እናቴ አይታህ ‘ይሄ ማን ነው?’ ብትለኝ ‘የወፍጮ ደንበኛ ነው’ እላት ነበር?”

“ፈራሁ” አለ ሰርፀ። “እምቢ ካለችኝ አጣሻለሁ ብዬ ፈራሁ።”

“እምቢ ሳይሉህ ነው ያጣኸኝ።”

ይህን ያለችው ልታስከፋው ነበር፤ ተሳካላት። ሰርፀ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሶሬቲ እንዲህ ብቻውን ሆኖ አይታው አታውቅም፤ እሷም ከእሱ የባሰ ብቻዋን እንደሆነች የተሰማት ፊቷን ስታዞር ነው።

“ምነው አንሾካሾካችሁ?” ተጣሩ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። “ስንት ዓመቷ ነው፣ ልጄ? ንገሪኝ እንጂ።”

ሶሬቲ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ሄዳ ወንበሩ ፊት ቁጢጥ አለች። ይህን ቤት የምታየው ዛሬ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አውቃለች፤ ቢሆንም የሴትዮዋን ዓይን እያዩ መዋሸት አልሆነላትም።

“እማማ፣ ቢከፋዎም ይቅር ይበሉኝ። ይህቺ መኪና በሠርግዎ ጊዜ አልተሠራችም። ከዚያ በኋላ የመጣች ናት።”

ዳሱ ላይ ባሕር ዛፉ ቅጠሉን አራገፈ። ድመቱ ከጭናቸው ወርዶ ሄደ። ሰርፀ “እማዬ…” አለ። እናቱ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ።

“አውቃለሁ” አሉ።

“ታውቂያለሽ?” አለ ሰርፀ።

“ሞኝ መሰልኳችሁ? የሠርጌ መኪና ዓይኖቿ አፍንጫዋ አጠገብ ነበሩ፤ የዚህችኛዋ ዳርና ዳር። ቀለም ቢቀየር ዓይን ይራራቃል?” ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቀረ። “ደግሞ መርፌዋ። ያኔ መሃል ላይ ነበረች፤ ለእሱም ለእኔም እኩል ትታይ ነበር። በዚህችኛዋ ከመሪው ኋላ ገብታ ለእሱ ብቻ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ‘ቀስ በል’ ብዬው አላውቅም። ምኑን አይቼ?”

ሶሬቲ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ለመነሳት አላሰበችም።

“የመጀመሪያዋን ልጄን፣ ዓለምን ወልጄ አራስ ነበርኩ” አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ አሁን ለእሷ ብቻ እየነገሩ። “እሱ ለሥራ አርሲ ወርዶ ቆየ። ሲመለስ ክንዱ ታስሯል፤ መኪናዋ አረንጓዴ ሆናለች። ‘ትንሽ ተጋጨሁ፤ ቀለም አስቀባኋት እንጂ ያቺው ናት’ አለኝ። አራስ እንዳትደነግጥ ብሎ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል ልጆች መጡ፣ ልጆች አደጉ፣ እሱም ሄደ። የባሰው ምን መሰለሽ? ሠርጋችን በሚውልበት ቀን ሁሌ ያስነሳትና ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ ‘የማር፣ ስሚ! ያው ድምፅ ነው፤ አልተለወጠም’ ይለኛል። ያኔ ነው የምቃጠለው። አንዴ ዋሸህ፣ ይሁን፤ በየዓመቱ መዋሸት ምን አመጣው እያልኩ ፊቴን አዞርበታለሁ። ደግ ባል ነበር። ይህቺ ነገር ብቻ እሾህ ሆና እስከዛሬ አለች።”

ሶሬቲ ቀና አለች።

“እማማ፣ ምን ነበር ያሉት?”

“አልተለወጠም።”

“ከዚያ በፊት።”

“ያው ድምፅ ነው።”

“ከዚያች አንድ ቀን ወዲህ ‘ያቺው መኪና ናት’ ብለው አያውቁም? በሠርጋችሁ ቀን ሁሌ የሚሉት ድምፁን ነው?”

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግራ ገባቸው። “ድምፁን ነው እንጂ። ‘ስሚ’ ነበር የሚለኝ፤ ‘እዪ’ ብሎኝ አያውቅም።”

ሶሬቲ ብድግ ብላ ወደ መኪናዋ ሮጠች ማለት ይቻላል። የሻንሲው ቁጥር አስደንግጧት ሞተሩን ገና አላየችውም ነበር፤ ጎኑ ላይ ቅባትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ደርቋል። ናፍጣ አፈሰሰችበት፤ ብሩሹን አነሳች። ሰርፀ ሳይጠሩት መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ጨርቅ ስትል ጨርቅ ሰጣት። ሁለቱም ተኳርፈው እንደነበር ረስተዋል።

በጭስ ማውጫው በኩል፣ ከሞተሩ ጎን፣ ቁጥሩ ብቅ አለ። ወረቀቱን አስደግፋ እርሳሱን አሸችና ከስልኳ ጋር አስተያየችው። ቁጥሩ የዚህች መኪና ታናሽም እኩያም አልነበረም፤ የታላቋ፣ የዚያኛው ዓይነት ላንድሮቨር ነው። ሞተሩ ከመኪናዋ ይበልጣል።

ሶሬቲ ያረጀ መኪና ላይ አዲስ ሞተር ሲጫን በየጋራዡ አይታለች። አዲስ መኪና ላይ ያረጀ ሞተር የሚጭን ጤነኛ ሰው ግን አይታም ሰምታም አታውቅም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ ከዚያ ሞተር መለየት ያልቻለ ሰው ብቻ ነው።

“ጨርቅ” አለች እንደገና፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል። ከቁጥሩ በታች ያለውን ጠረገች፤ ጠረገች። ከዚያ ቆመች። ሰርፀም አየው፤ እጁንም አፉ ላይ ጫነ።

“እማማ፣ እባክዎ አንዴ ይምጡ።”

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የልጃቸውን ክንድ ይዘው መጡ። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አሉ። ሶሬቲ የእጅ ባትሪዋን አብርታ አሳየቻቸው። ከጥቁሩ ብረት ላይ፣ ወደ ታች የተንጠባጠበ ደረቅ ቀለም አለ። አንዱ የጥፍር ያህል፣ ሌላው ረዘም ብሎ የወረደ። ውሃ ሰማያዊ ነው።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጣታቸውን ልከው ጠብታውን ዳሰሱት፤ ነጭ ነጠላቸው ቅባት ውስጥ መግባቱን አላዩም።

“ቀለም ቀቢ አይደለ” አሉ፤ እንባቸውም ወረደ።

“እማማ፣ መኪናይቱ ያኔ አርሲ ላይ ክፉኛ ተጎድታ ይሆናል” አለች ሶሬቲ። “ጋሽ አካሉ ሌላ ሲገዙ ሞተሩን አውጥተው ይዘውልዎት መጥተዋል። ድምፁ ያው ነው ሲሉ እውነታቸውን ነበር።”

“እውነቱን ነበር” አሉ እሳቸው ቃሉን እየቀመሱት። “እውነቱን ሲነግረኝ ኖሮ እኔ ፊቴን ሳዞርበት! ኧረ አካሉ… ምን ነበረበት አንዴ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያሳየኝ? እኔስ ምን ነበረብኝ አንዴ ብጠይቀው? እሱ አስደነግጣታለሁ ብሎ ፈራ፤ እኔ አሳፍረዋለሁ ብዬ ፈራሁ።” ያለቀሱት ግን የደስታ ለቅሶ ነበር፤ ፊታቸው በሳቅና በእንባ መሃል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ መሰለ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱና ግንባራቸውን በቅባት አጠቆሩት።

ከዚያ ቀና ብለው ሶሬቲን ትክ ብለው አይዋት።

“አንቺ ልጅ፣ ይህን ልጄን የተቀየምሽበት ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪው። እንደ እኔ ዝም ብለሽ እንዳታረጂ።”

ሶሬቲ ደነገጠች። “እኔ… እማማ?”

“ወይ ልጄ! እኔ እኮ ደጁ ላይ ነው ያወቅኩት። ሰርፀ ለአባቱ እንኳ መፍቻ አቀብሎ አያውቅም። ዛሬ በነጭ ሸሚዙ እንደ ዲያቆን ቆሞ ሲያገለግል አላየሁም? ያንንም ፌስታል አይቼዋለሁ። ባለሙያ ቀሚስ ይዞ መኪና ሊያይ አይመጣም።”

ሰርፀ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሶሬቲን እጅ፣ እንደዚያው በናፍጣና በቅባት እንደቆሸሸ፣ በሁለት እጁ ያዘው። ሸሚዙ እጅጌ ላይ ጥቁር አሻራ ታተመ።

“እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ይህቺ ሶሬቲ ናት። የምወዳት ልጅ ናት፤ የማገባት። የማን ልጅ ናት ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ እንደ ባዕድ አስገባኋት። ይቅርታ እማዬ፣” ወደ ሶሬቲ ዞረ፤ ዓይኑ ሞልቷል፤ “አንቺንም ይቅርታ። ከዛሬ በኋላ በማንም ፊት አንቺ ነሽ፤ የኔ ነሽ።”

“የአባትህ ልጅ!” አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። “ፍቅርህን ኮፈን ሥር ደብቀህ ባለሙያ እስኪያገኝልህ ትጠብቃለህ።”

ሶሬቲ ሳቀች። እጇን ከሰርፀ እጅ አላስለቀቀችም፤ ቅባቱን ሆነ ብላ ወደ ሸሚዙ ክንድ አሻገረችው እንጂ።

“እሺ፣ የማን ልጅ ነሽ?” አሉ እናትየው። ያ የተፈራው ጥያቄ ደረሰ።

“የሸኖው የጉዲሳ። የባለ ወፍጮው።”

“ባለ ወፍጮ?” ጥቂት አሰቡ። “ሞተር ያውቃሉ ማለት ነው። መልካም። እንግዲህ ሽማግሌው ሲመጣባቸው ከሩቅ ይሰማቸዋል።”

ሶሬቲ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እሳቸው ቀድመው አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሰርፀ መቁጠሩን ተወው። ቱታና ነጠላ አንድ ላይ ቅባት ሆኑ።

ምሳው ሊቀርብ ሲል ወይዘሮ የማርያምወርቅ “ቆይ” አሉ። ወደ መኪናዋ እያዩ ነበር።

“ትነሳ ይሆን?”

“ካንዴላዎቹን አጽድቼያለሁ፤ ሰርፀም ባትሪ አዘጋጅቷል” አለች ሶሬቲ። “ሊሰሟት ይፈልጋሉ?”

እሳቸው በሩን ከፍተው ከመሪው ጎን ካለው ወንበር ላይ ወጡ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ሶሬቲ መሪው ላይ ተቀመጠች። ሰርፀ ከተከፈተው ኮፈን ጎን ቆሞ ሞተሩ ላይ ጥቂት ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ስታየው ግንባሩ ላይ የቅባት አሻራ አለ፤ እንዲያ ቆሽሾ እንዲያ አምሮ አይታው አታውቅም።

ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። እንደገና አዞረች። አስነጠሰው፤ ዳሱ ላይ ያሉት ርግቦች ተነሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞከር ሞተሩ ያዘ። መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ሶሬቲ ነዳጁን ረገጥ ስታደርግለት ድምፁ ወፍሮ፣ ሞልቶ ግቢውን አናወጠው። ሰርፀ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ። እሷም ከመሪው ኋላ ያለችውን መርፌ ሳታይ፣ እሱን ብቻ እያየች፣ ደስታዋን ሁሉ እግሯ ላይ አድርጋ ጨመረችለት።

ያኔ ከጎኗ ድምፅ ሰማች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረዋል።

“ቀስ በል” አሉ፤ ቀጥሎም ፈገግ እያሉ፣ “ቀስ በል፣ አካሉ።”

ሶሬቲ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳች። ሞተሩም ቀስ አለላቸው።